ኤሌክትሪክ ጊታር ከርካሽ ኪት መሥራት፦ ከካርቶኑ እስከ ቅኝቱ

ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1950 ካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን ላይ ሠርቶ ገበያ ያወጣው፣ በ1951 ቴሌካስተር የሚለውን ስም የያዘው ጊታር ከመነሻው ለመገጣጠም የታሰበ ዕቃ ነው። አካሉ ጠፍጣፋ ጣውላ ነው፤ አንገቱ የተያዘው በሙጫ ሳይሆን በአራት ብሎን ነው። አንገት ሲበላሽ ፈቶ ሌላ መግጠም ይቻላል። ዛሬ 100 ዶላር አካባቢ የሚሸጡት ኪቶች (ገዢው የሚገጣጥማቸው፣ በካርቶን የሚመጡ የጊታር ክፍሎች) ብዙዎቹ የዚሁ ጊታር ቅጂ የሆኑት ለዚህ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውም መመሪያ የሚናገረው ስለዚህ ዓይነቱ ነው።

የኪቱ ዋጋ የወረደው ፋብሪካው የእጅ ሥራውን ለገዢው ስለተወለት ነው። ፍሬቶቹ (አንገቱን አቋርጠው የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) አልተስተካከሉም፣ የነቱ (ክሮቹ በመቃኛዎቹ በኩል የሚያርፉበት ቁራጭ) ቦይ በልኩ አልተቆፈረም፣ አንገቱ ከብሪጁ (ክሮቹ በአካሉ በኩል ከሚያርፉበት ብረት) ጋር በአንድ መስመር መዋሉን ያረጋገጠ ሰው የለም። ብዙ ጀማሪ ሦስት ሳምንት ቀለም ላይ ያጠፋና ነቱን በአንድ ከሰዓት ያልፈዋል። ውጤቱ ግድግዳ ላይ የሚያምር፣ እጅ ላይ የማይመች ጊታር ነው። ጊዜያችሁን አንገቱ ላይ አውሉት።

ኪት ስትመርጡ

ለመጀመሪያ ሥራ አንገቱ በብሎን የሚታሰር፣ ብሪጁ የማይንቀሳቀስ ኪት ያዙ። የሌስ ፖል ዓይነት ኪቶች አንገታቸው በሙጫ ይጣበቃል፤ ሙጫው ከደረቀ በኋላ አንገቱ አንድ ዲግሪ ዘንበል ብሎ ብታገኙት መመለሻ የለውም። የስትራቶካስተር ዓይነቱ ብሪጅ ደግሞ በስፕሪንግ ስለሚወዛወዝ ቅኝት ማስያዙ ሁለተኛ ሥራ ይሆናል። ባለ መቆለፊያውን የፍሎይድ ሮዝ ብሪጅ ለሦስተኛው ጊታራችሁ አቆዩት።

ርካሽ አካል ብዙ ጊዜ ባስዉድ ከሚባል እንጨት ይሠራል። ቀላልና ድምፁም የማይከፋ ነው፤ ግን ለስላሳ ስለሆነ ብሎን አንዴ ካሽከረከረ ቀዳዳው ይበላሻል። ሻጩ አካሉ በማሸጊያ የተቀባ መሆን አለመሆኑን ካልጻፈ፣ ዕቃው ሲደርስ አንድ ጠብታ ውኃ ጣል አድርጉበት። ጠብታው እንደ ዶቃ ከቆመ እንጨቱ ታሽጓል፤ ወደ እንጨት የሚሰርግ ማቅለሚያ አይቀበልም፣ ከላይ የሚሸፍን ቀለም ግን ይይዛል።

መሣሪያ

ትራፓኖ፤ የ1.5፣ የ2፣ የ3 እና የ4.5 ሚሜ ፑንታ፤ ባለ መስቀል ካቻቢቴ በሁለት መጠን፤ አለን ቁልፎች፤ ከ120 እስከ 1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት (ላከር ለሚረጭ እስከ 2000)፤ ትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ፤ 50 ሴ.ሜ የብረት ማስመሪያ፤ 40 ዋት ሶልደሪንግ አይረን፤ ቴስተር፤ የወረቀት ፕላስተር። መካኒኮች የቫልቭ ክፍተት የሚለኩበት የምላጭ መለኪያ ከተገኘ አንገት ላይ ብዙ ያግዛል። ሶልደሩ ውስጡ ሙጫ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሽቦ መሆን አለበት። የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት አሲድ ያለው ማጣበቂያ የጊታር ሽቦን በጥቂት ወራት በልቶ ይጨርሰዋል።

1. ከመቀባታችሁ በፊት ገጣጥሙት

ሳጥኑን ስትከፍቱ ዕቃውን ቁጠሩ፦ አካል፣ አንገት፣ ስድስት መቃኛ ከነቀለበቶቻቸውና ከትንንሽ ብሎኖቻቸው፣ ብሪጅ፣ ሁለት ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት ማግኔቶች)፣ ቮሊዩምና ቶን የተሰካበት የብረት ሰሌዳ፣ ባለ ሦስት ቦታ ስዊች፣ ጃክ (የገመዱ መሰኪያ)፣ የአንገት ሰሌዳና አራት ብሎን፣ ፒክጋርድ (የአካሉን ፊት የሚሸፍነው ስስ ሰሌዳ)፣ የማሰሪያ ቁልፎች። የጎደለ ካለ አሁኑኑ ለሻጩ ጻፉ፤ አካሉ ከተቀባ በኋላ መመለስ አይቻልም።

ከዚያ አንገቱን አካሉ ላይ በተቆፈረለት ኪስ ውስጥ አስገቡት። የዚህ ጊታር የአንገት ኪስ 56 ሚሜ ገደማ ስፋትና 16 ሚሜ ገደማ ጥልቀት አለው። አንገቱ በእጅ ግፊት ብቻ ገብቶ፣ አካሉን ወደ ላይ ስታነሱት ቢያንስ ለአፍታ ሳይወድቅ ቢቆይ በጣም ጥሩ ነው። ከጠበቀ በመዶሻ አትምቱት፤ የኪሱ ቀጭን ጠርዝ ይሰነጠቃል። ግድግዳውን በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ትንሽ ፋቁት፤ ቀለምም ኋላ ውፍረት እንደሚጨምር አትርሱ። የኪሱን ወለል ግን ጨርሶ አትንኩ። ወለሉ ሜዳ ካልሆነ አንገቱ ይወዛወዛል።

ቀጥሎ ርዝመቱን ለኩ። የቴሌካስተር የክር ርዝመት 648 ሚሜ ነው። ከነቱ ፊት እስከ 12ኛው ፍሬት መሐል 324 ሚሜ መሆን አለበት፤ ከ12ኛው ፍሬት እስከ ቀጭኑ የኢ ክር መቀመጫ (ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበት፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄድ ቁራጭ) ደግሞ ሌላ 324 ሚሜ። ወፍራሞቹ ክሮች ከዚህ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ኋላ ስለሚፈልጉ፣ መቀመጫዎቹ 648 ላይ ቆመው ወደ ኋላ ቢያንስ 5 ሚሜ የመሄጃ ቦታ ሊኖራቸው ይገባል። የብሪጁ ቀዳዳ በፋብሪካ ተበስቶ መጥቶ ልኩ ካልመጣ፣ ቀዳዳዎቹን በእንጨት ቡሽና በኮላ ደፍናችሁ እንደገና መብሳት እንጂ ሌላ መላ የለም። ቦታውን የሳተ ብሪጅ በምንም ቅኝት አይስተካከልም።

አሁን ስፌት ክር አምጡ። ከሁለቱ ዳር መቃኛዎች ቀዳዳ ጀምራችሁ በነቱ ቦይ እያሳለፋችሁ እስከ ብሪጁ ሁለት ዳር መቀመጫዎች ወጥሩት። ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጋችሁ ከላይ ተመልከቱ፦ በመጨረሻው ፍሬት ላይ ቀጭኑ ክር ከጣት ሰሌዳው ጠርዝ ያለው ርቀት ከወፍራሙ ክር ርቀት ጋር እኩል ነው? አንዱ በኩል 4 ሚሜ፣ ሌላው በኩል 2 ሚሜ ከሆነ አንገቱ ጠሟል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጊታር ላይ ቀጭኑ ኢ ጣት ሲጫነው ከጠርዝ እየተንሸራተተ ይወርዳል። አንገቱን ኪሱ ውስጥ በትንሹ አዙራችሁ ክሮቹ ሲስተካከሉ በሞርሳ ያዙት፤ በሞርሳውና በእንጨቱ መካከል ካርቶን ወይም ጨርቅ ይግባ።

ሳይነቃነቅ፣ በአካሉ ቀዳዳዎች ውስጥ ሹል ሚስማር አስገብታችሁ አንገቱ ላይ አራቱን ነጥቦች ምልክት አድርጉ። አንገቱን አውጡና በ3 ሚሜ ፑንታ ብሱት። የመብሻውን ጥልቀት በግምት አትወስኑ፦ ብሎኑን በሰሌዳውና በአካሉ አሳልፉትና ኪሱ ውስጥ የወጣውን ጫፍ ለኩ፤ 14 ሚሜ አካባቢ ይሆናል። ያን ያህል ላይ፣ 2 ሚሜ ጨምራችሁ፣ ፑንታው ላይ የወረቀት ፕላስተር ጠቅልሉበት። ፕላስተሩ እንጨቱን ሲነካ አቁሙ። የአንገቱ ጫፍ ውፍረት 25 ሚሜ ገደማ ብቻ ነው፤ ያለ ምልክት የበሳ ሰው ፑንታውን በጣት ሰሌዳው ፊት ሲወጣ ያየዋል። በአካሉ ያሉት ቀዳዳዎች በ4.5 ሚሜ ይስፉ፤ ብሎኑ አካሉ ውስጥ ሳይነክስ አልፎ አንገቱን ብቻ መሳብ አለበት። እዚያም እዚህም ከነከሰ በመሐል ክፍተት ይቀራል።

ብሎን ሁሉ ከመግባቱ በፊት ደረቅ ሳሙና ወይም ሻማ ይቀባ። የመቃኛዎቹ ትንንሽ ብሎኖች ለስላሳ ብረት ናቸው፤ በ1.5 ሚሜ ፑንታ ያልተበሳ ጠንካራ ሜፕል ውስጥ ሲገቡ አናታቸው ይቆረጣል፣ ቀሪውም እንጨቱ ውስጥ ይቀራል። ለፒክጋርዱ ብሎኖች 2 ሚሜ ይበቃል።

አንዳንድ ኪት ላይ የአንገቱ ራስ እንደ መቅዘፊያ ሰፊ ሆኖ ይመጣል፤ የፈለጋችሁትን ቅርጽ እንድትቆርጡ ነው። መጀመሪያ መቃኛዎቹን በቦታቸው አስቀምጣችሁ ቅርጹን በእርሳስ አውጡ፤ ካልሆነ አንዱ መቃኛ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ሁሉም ልክ ከሆነ ፈታቱት።

2. መፋቅና መቀባት

አካሉን በ120፣ በ180፣ ከዚያ በ240 ቁጥር፣ ሁልጊዜ በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ ፋቁ። አቋርጦ የተፋቀ ጭረት ሳይቀባ አይታይም፣ ሲቀባ ብቅ ይላል። ፊቱ ላይ የሚያምር ቀጭን ልጣፍ የተለጠፈበት አካል ከሆነ ከ240 በታች አትጀምሩ፤ ልጣፉ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል፣ ጠርዝ ላይ አንዴ ከበላችሁት ከሥር ሌላ እንጨት ይወጣል።

ከ240 በኋላ ጨርቅ አርጥባችሁ ጨምቃችሁ ገጹን ጥረጉት። ይህ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ የእንጨቱ ፀጉር ይቆማል፤ ሲደርቅ በ320 ፋቁት። ሁለተኛ፣ ፋብሪካው ጣውላዎቹን ሲያጣብቅ የፈሰሰ ሙጫ ካለ ውኃው ስለማይሰርግበት ቦታው ፈዝዞ ይታያል። እዚያ ቦታ ማቅለሚያ አይዝም፤ አሁኑኑ ፋቁት።

የአንገቱ ኪስና የአንገቱ ጫፍ አይቀባ፤ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑት። ወፍራም ቀለም በሁለቱ መካከል ከገባ መገናኛው ይለሰልሳል።

ለጀማሪ የሚመከረው ዘይት ነው፦ ቱንግ ወይም ዴንማርክ ዘይት የሚባለው። በጨርቅ ቀብታችሁ ከ15 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን ጥረጉ፤ 24 ሰዓት ጠብቁ፤ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ድገሙት። አቧራ ቢያርፍበት በ400 ተፍቆ ይስተካከላል። የሚያስፈራው ጨርቁ ነው፤ የተልባ ዘይት ወይም እንዲህ ያለ የሚደርቅ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሞቆ ይቀጣጠላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ወይም ውኃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ንከሩት።

የሚያብረቀርቅ ቀለም ከፈለጋችሁ በጣሳ የሚረጭ ላከር አለ፦ ሁለት ዙር ማሸጊያ፣ ሦስት ዙር ቀለም፣ ስድስት ወይም ስምንት ዙር ግልጽ ላከር፤ ሁሉም ስስ። በአንድ ዙር ለመጨረስ የሚፈልግ እጅ ቀለሙን ያንጠባጥባል። አዲስ አበባ ላይ በክረምት አትርጩ፤ አየሩ እርጥበት ሲይዝ ላከሩ ውኃውን ይዞ ነጭ ጉም ያወጣል። ከጥቅምት በኋላ፣ ረፋድ ላይ፣ ነፋስ በማይመታው በረንዳ ይሻላል። ከቡታጋዝና ከከሰል ምድጃ ራቁ። ላከሩ ለመጨረሻ ማለስለሻ እስኪጠነክር ሦስት ሳምንት ያህል ስጡት። ጥፍር ሲጫነው ምልክት የሚይዝ ከሆነ ገና ነው፤ ሽታው እስካልጠፋ ድረስም አትቸኩሉ። ከዚያ በ1000፣ በ1500 እና በ2000 ውኃ እያረጠባችሁ ፍቃችሁ በመኪና ፖሊሽ ወልውሉት።

ያልተቀባ የሜፕል አንገትም መታሸግ አለበት፤ አለበለዚያ እርጥበት ስቦ ይጠማል። ሁለት ስስ ዙር ዘይት ይበቃዋል።

3. ፍሬት

እዚህ ላይ ነው ርካሹ ኪት ውድ ጊታር የሚመስለው፣ ወይም የማይመስለው።

እጃችሁን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ወደ ታችና ወደ ላይ አንሸራትቱት። የሚቧጥጥ ከሆነ የፍሬቶቹ ጫፍ ወጥቷል። ሞረዱን 35 ዲግሪ ያህል ዘንበል አድርጋችሁ ሁሉንም ጫፎች በአንድ ላይ አስተካክሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ጥግ በትንሹ አለዝቡ።

አንገቱ ያለ ክር ቀጥ እስኪል ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ) አስተካክሉ፤ 50 ሴ.ሜ ማስመሪያውን በፍሬቶቹ ላይ አስተኝታችሁ ከሥሩ ብርሃን ተመልከቱ። ከዚያ ሦስት ፍሬት ብቻ የሚሸፍን ቀጥ ያለ ብረት ወይም የባንክ ካርድ ጠርዝ ወስዳችሁ ሦስት ሦስት ፍሬት እያሳለፋችሁ ፈትኑ። ካርዱ እንደ ሚዛን ቢወዛወዝ መካከለኛው ፍሬት ከፍ ብሏል። ሞረድ ከማንሳታችሁ በፊት ያን ፍሬት በጣት ተጫኑት፤ ወደ ታች ከሰጠ ከፍ ያለ አይደለም፣ ከቦዩ ወጥቷል። በፕላስቲክ መዶሻ አስገብታችሁ ከሥሩ ስስ ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጉበት፤ በእንጨት ተጭናችሁ ያዙት። ርካሽ አንገቶች ላይ የሚገኘው የመንተክተክ (ክሩ ፍሬት እየነካ የመንዘር) ችግር ብዙው እንዲህ ያለ ነው፤ ጤነኛውን ሁሉ መሞረድ አያስፈልግም።

በእርግጥ ከፍ ያለ ከሆነ የጣት ሰሌዳውን በፕላስተር ሸፍኑ፣ የፍሬቶቹን አናት በማርከር አጥቁሩ፣ ሜዳ እንጨት ላይ በተለጠፈ 400 ቁጥር ወረቀት በአንገቱ ርዝመት ፋቁ። ማርከሩ ከሁሉም ፍሬት አናት ላይ በስሱ ሲጠፋ አቁሙ። የተፋቀው ፍሬት አናቱ ይሰፋል፤ እንደገና በማርከር አጥቁራችሁ በባለ ሦስት ማዕዘኑ ሞረድ ጎንና ጎኑን ፍቃችሁ መሐሉ ላይ እንደ ክር ቀጭን ጥቁር መስመር ብቻ ይቅር። በ600፣ በ800፣ በ1000 አለስልሱ። የብረት ሱፍ የምትጠቀሙ ከሆነ ፒካፖቹን ከክፍሉ አውጧቸው፤ የሱፉ ብናኝ ማግኔቱ ላይ ከተጣበቀ አይለቅም።

4. ሽቦው

የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎቹን ጉድጓድ በመዳብ ቴፕ ከለበሳችሁት የአምፑል ጉርምርምታው ይቀንሳል። ቴፑ ቁርጥራጩ እርስ በርሱ መገናኘቱን በቴስተር አረጋግጡ፤ ከዚያም አንድ ሽቦ ከቴፑ ወደ ቮሊዩሙ ጀርባ ይሂድ። ያልተገናኘ ቴፕ ጌጥ ነው።

የሽቦ ቀለም አትመኑ። ብዙ ጊዜ ነጩ ድምፅ ተሸካሚ፣ ጥቁሩ መሬት (ግራውንድ) ነው፤ ኪት ላይ ግን ቀይ፣ ቢጫ፣ ያገኙት ሁሉ ይመጣል። የአንገቱ ፒካፕ የብረት ክዳን አለው፤ ቴስተሩን ባጭር ግንኙነት መፈተሻ ላይ አድርጋችሁ ከክዳኑ ጋር የሚጮኸው ሽቦ መሬቱ ነው።

አገናኙ ይህ ነው። የሁለቱ ፒካፕ ድምፅ ተሸካሚዎች ወደ ስዊቹ የየራሳቸው እግር ይሄዳሉ። የስዊቹ የጋራ እግር ወደ ቮሊዩሙ አንድ ዳር እግር። የቮሊዩሙ መካከለኛ እግር ወደ ጃኩ ጫፍ ነኪ። የቮሊዩሙ ሌላኛው ዳር እግር ታጥፎ ጀርባው ላይ ይበየዳል። ከመጀመሪያው ዳር እግር ሌላ ሽቦ ወደ ቶኑ መካከለኛ እግር፤ ከቶኑ አንድ ዳር እግር በካፓሲተር በኩል ወደ ቶኑ ጀርባ። ጥቁሮቹ ሁሉ፣ የጃኩ አካል፣ ከብሪጁ ሥር የሚወጣውም ሽቦ ቮሊዩሙ ጀርባ ላይ ይገናኛሉ፤ የቶኑም ጀርባ እንዲሁ። የብሪጁ ሽቦ ጫፍ የብሪጁን ባዶ ብረት መንካት አለበት፤ ቀለም ላይ ካረፈ አይሠራም።

ለእነዚህ ፒካፖች ተስማሚው ፖቴንሽዮሜትር (ቮሊዩሙም ቶኑም ይህ ነው) 250 ኪሎ ኦም ነው። ካፓሲተሩ ላይ 223 ከተጻፈ 0.022 ማይክሮፋራድ፣ 473 ከተጻፈ 0.047 ነው፤ ሁለተኛው ቶኑ ሲዘጋ ድምፁን ይበልጥ ያጨልማል። ርካሽ ኪት ውስጥ ያለው ስዊች ብዙውን ጊዜ ሳጥኑ የተዘጋ፣ ስምንት እግር በአንድ ረድፍ ያለው ነው። ስለ ክፍቱ ስዊች የተሣለውን ሥዕል እንዳለ አትቅዱለት፤ በየቦታው እያዞራችሁ የትኛው እግር ከየትኛው እንደሚገናኝ በቴስተር አውጡና በወረቀት ጻፉት።

ብየዳው ላይ፦ የቮሊዩሙን ጀርባ በብርጭቆ ወረቀት ካልቧጨራችሁት ሶልደሩ እንደ ቅባት ላይ ውኃ ይንከባለላል። መጀመሪያ ሽቦውንም ጀርባውንም ለየብቻ ሶልደር አልብሱ፤ ከዚያ አገናኟቸው። ብረቱን አሙቁ እንጂ ሶልደሩን በአይረኑ ጫፍ አታቅልጡ። ለእግሮቹ ሦስት ሰከንድ ያህል ይበቃል፤ ጀርባው ትንሽ ይፈልጋል። ካለፈ ውስጡ ያለው ካርቦን ይቃጠላል። ጥሩ ብየዳ ያበራል፤ አሸዋ የመሰለ ግራጫ ከሆነ ቀዝቅዞ የተያዘ ነው፣ ነገ ይለቃል። መስኮት ክፈቱ፤ ሶልደሩ እርሳስ ያለበት ከሆነ ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ።

ክር ከመግባቱ በፊት ፈትኑት። ገመድ ሰክታችሁ፣ ቮሊዩሙን ሙሉ ከፍታችሁ፣ የገመዱን ሌላኛ ጫፍ በቴስተር ለኩ። በእያንዳንዱ የስዊች ጫፍ ላይ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ኦም ቢታይ ፒካፑ እየደረሰ ነው። ምንም ካልታየ መንገዱ የሆነ ቦታ ተቆርጧል። ዜሮ ካሳየ አንድ ድምፅ ተሸካሚ ሽቦ መሬት ነክቷል፤ ብዙ ጊዜ ወንጀለኛው ጃኩ ጠባብ ጉድጓዱ ውስጥ ሲዞር ከመዳብ ቴፑ ጋር የተገናኘው እግሩ ነው። መካከለኛው ቦታ ላይ፣ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ፣ ግማሽ ያህሉን ማየት አለባችሁ። ከዚያ አምፕ (የድምፅ ማጉያ) ላይ ሰክታችሁ ፒካፑን በካቻቢቴ ነካ አድርጉ።

ሁለት ምልክቶችን ለዩ። ክሩን ወይም ብሪጁን ስትነኩ ጉርምርምታው ከቀነሰ ሁሉም ደህና ነው። ስትነኩ ከጨመረ ጃኩ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተገላብጠዋል። ሁለቱ ፒካፖች ለየብቻ ደህና ሆነው አብረው ሲከፈቱ ድምፁ ቀጥኖ በአፍንጫ የሚናገር ከመሰለ አንዱ ከሌላው ጋር ተቃራኒ ነው፤ የአንገቱን ፒካፕ ሁለት ሽቦዎች አለዋውጡ። ከመለዋወጣችሁ በፊት ግን ክዳኑን ከጥቁሩ ሽቦ ጋር የሚያያይዘውን ትንሽ ሽቦ ቆርጣችሁ ለክዳኑ የራሱን መሬት ስጡት፤ አለበለዚያ ክዳኑ ራሱ ድምፅ ተሸካሚ ሆኖ እጅ ሲነካው ይጮኻል።

5. ክርና ነት

አንገቱን በአራቱ ብሎን፣ የመኪና ጎማ እንደሚታሰረው በሰያፍ እያፈራረቃችሁ እሰሩት። ውፍረቱ ከ010 እስከ 046 (በኢንች ሺሕኛ) የሆነ ክር አስገቡ። እያንዳንዱ ክር መቃኛው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ወደ ታች ይዙር፤ አሥር ጊዜ የዞረ ክር ሲላላ ይውላል። ኢ-ኤ-ዲ-ጂ-ቢ-ኢ ቃኙ፣ ክሮቹን በእጅ ጎተት ጎተት አድርጉ፣ እንደገና ቃኙ።

አሁን ነቱ። ክሩን በሁለተኛውና በሦስተኛው ፍሬት መካከል ተጫኑትና በአንደኛው ፍሬት አናትና በክሩ መካከል ያለውን ተመልከቱ። ክሩን ከላይ በጥፍር ስትነኩት ለጥቂት የሚንቀሳቀስበት፣ ለዓይን እምብዛም የማይታይ ክፍተት ይኑር፤ 0.1 ሚሜ ገደማ። ከኪት የሚመጡ ነቶች ሁሉም ማለት ይቻላል ከዚህ በላይ ናቸው። የዚህ ምልክቱ እንዲህ ነው፦ ክፍት ክሮቹ በቅኝታቸው ናቸው፣ ግን የመጀመሪያዎቹን ፍሬቶች ስትይዙ ድምፁ ከፍ ይላል፤ ብዙ ሰው ብሪጁን ሲያንገላታ ይውላል። ቦዩን ከክሩ ውፍረት ጋር በሚሄድ ቀጭን ሞረድ፣ ወደ መቃኛው በኩል ዝቅ እያለ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ፋቅ አድርጋችሁ ክሩን መልሳችሁ እዩ። ከልክ በላይ ከወረደ ክፍት ክሩ ይንተከተካል። ያን ጊዜ ቦዩን በቤኪንግ ሶዳ ሞልታችሁ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ስትጨምሩበት ወዲያው ድንጋይ ይሆናል፤ እንደ አዲስ ይቆፈራል።

ስትቃኙ ክሩ "ጢቅ" ብሎ ቢዘል ቦዩ ጨብጦታል። የእርሳስ ጫፍ ቦዩ ውስጥ አሹበት።

6. ማስተካከል፣ በዚሁ ቅደም ተከተል

መጀመሪያ አንገት። ክሩን በአንደኛው ፍሬትና አንገቱ ከአካሉ በሚጋጠምበት ፍሬት ላይ ያዙ፤ በ7ኛው ወይም በ8ኛው ፍሬት ላይ 0.2 እስከ 0.3 ሚሜ ክፍተት ይኑር። ክፍተቱ ከበዛ ትረስ ሮዱን በሰዓት አቅጣጫ አጥብቁ፤ ከጠፋ አላሉ። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፉ፤ ቃኝታችሁ እንደገና ለኩ። ቁልፉ በጣም ከከበደ ኃይል አትጨምሩ፣ ክሩን አላልታችሁ ሞክሩ። የተሰበረ ትረስ ሮድ ማለት አዲስ አንገት ማለት ነው።

ቀጥሎ ከፍታ። በ12ኛው ፍሬት ላይ ወፍራሙ ኢ ከፍሬቱ አናት 2 ሚሜ፣ ቀጭኑ ኢ 1.6 ሚሜ አካባቢ ይሁን። መቀመጫዎቹ እስከ መጨረሻ ወርደው ክሩ አሁንም ከፍ ካለ፣ አንገቱን ፈትታችሁ በኪሱ ውስጥ፣ ወደ ብሪጁ በሚቀርበው ዳር፣ 0.25 ወይም 0.5 ሚሜ ውፍረት ያለው ቀጭን የእንጨት ልጣፍ ወይም ጠንካራ ካርድ አስገቡ። አንገቱ በትንሹ ወደ ኋላ ይተኛል፣ ክሩ ይወርዳል።

ከዚያ የድምፅ ትክክል። ቱነር (የቅኝት መለኪያ) ላይ በ12ኛው ፍሬት ላይ ያለውን የክሩን የተነካ ድምፅ (ሳትጫኑ በጣት ነካ ብቻ አድርጋችሁ የሚወጣውን)፣ ፍሬቱ ላይ ከተጫናችሁት ጋር አወዳድሩ። የተጫናችሁት ከፍ ካለ መቀመጫውን ከአንገቱ አርቁ፤ ዝቅ ካለ አቅርቡ። ጥንቱን ቴሌካስተር በሚመስል ብሪጅ ላይ ሁለት ክር በአንድ መቀመጫ ስለሚጋራ ሁለቱም አንድ ላይ ፍጹም አይሆኑም፤ ሁለቱንም ትንሽ ትንሽ አስማሙ። ጆሮ የቱነሩን ያህል ታማኝ ነው፦ ከ12ኛው ፍሬት በላይ አንቺሆዬን ብትጫወቱ ግማሽ ድምፆቹ ቅርብ ለቅርብ ስለሆኑ ትንሽ ስህተት እንኳ ቶሎ ይሰማል።

በመጨረሻ ፒካፕ። የመጨረሻውን ፍሬት ተጭናችሁ በክሩና በፒካፑ መካከል 2.5 ሚሜ አካባቢ በወፍራሙ በኩል፣ 2 ሚሜ በቀጭኑ በኩል ተዉ። ይበልጥ ከቀረበ ማግኔቱ ክሩን ይስበዋል፤ ወፍራሙ ኢ በላይኛው ፍሬቶች ላይ ሁለት ድምፅ ሆኖ ይንቀጠቀጣል፣ ቱነሩም አይረጋጋም። ያን ጊዜ ችግሩን ከአንገቱ አትፈልጉ።

ከዚህ በኋላ የሚቀር መንተክተክ ካለ የቦታውን ምልክት ተከተሉ። ከአንደኛው እስከ አምስተኛው ፍሬት ብቻ ከሆነ አንገቱ በጣም ቀጥ ብሏል፤ በሁሉም ቦታ ከሆነ መቀመጫው ወርዷል፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ፍሬት ነው፣ ካርዱን መልሳችሁ አሳልፉበት።

አዲስ አንገት የክር ጉልበት እስኪለምድ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። በዚያ ጊዜ መጨረሻ ክፍተቱን በ8ኛው ፍሬት ላይ እንደገና ለኩ፤ የመቃኛዎቹን ፍሬና የጃኩንም ፍሬ አብራችሁ አጥብቁ፤ ጃኩን ግን ስታጠብቁ ከውስጥ እንዳይዞር በጣት ያዙት፣ ከዞረ ሽቦው ይበጠሳል።